ኤሌክትሪካችን የውሃ ሆኖ ዕድገታችን ለምን ካርቦን ይጨምራል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡ ብዙ የኢኮኖሚክስ መመረቂያ ጽሁፎች ሳያነሱት የሚያልፉት ነገር ነው፣ አንቺ ግን ቆም ብለሽ ጠየቅሽ። ላላነበበ ሰው ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የኢትዮጵያን የ40 ዓመት ገደማ ዳታ ይዘሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀትን በጂዲፒ (በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት) እና በኢነርጂ ፍጆታ ላይ ሬግሬስ አደረግሽ፣ ማለትም እነሱ ሲለወጡ ልቀቱ ስንት እንደሚለወጥ በስታቲስቲክስ አሰላሽ፣ ጂዲፒ ሲጨምር ልቀት ይጨምራል የሚል ውጤት አገኘሽ፣ የኢነርጂ ፍጆታው ግን ላግ (ያለፉትን ስንት ዓመቶች እንደምታስገቢ) በቀየርሽ ቁጥር አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ኔጌቲቭ እየሆነ አስቸገረሽ፣ አድቫይዘርሽ ደግሞ «ኤሌክትሪካችን ከ90 ፐርሰንት በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው፣ ዕድገት እንዴት ካርቦን ይጨምራል፣ ዳታሽን ደግመሽ እዪው» አለሽ። «ማን ነው ልክ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አድቫይዘርሽ ያለው ስለ ኤሌክትሪክ እውነት ነው፣ ያንቺ ውጤት ደግሞ ስለ ኢኮኖሚው እውነት ነው፣ ችግሩ ኤሌክትሪክ ከጠቅላላ ኢነርጂያችን ውስጥ በጣም ትንሿ ክፍል መሆኗ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ዳታውም የተያዘው በዛ ስለሆነ።)

በኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከሚቃጠለውና ጥቅም ላይ ከሚውለው ኢነርጂ ወደ 90 ፐርሰንት የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት እና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ከቀረው ውስጥ ትልቁን የሚይዘው ነዳጅ ነው፣ ናፍጣና ቤንዚን፣ ከዛ ኤሌክትሪክ እና ድንጋይ ከሰል በትንሽ በትንሹ ይካፈሉታል። ጣና በለስ በለው፣ ግልገል ጊቤ ሁለት በለው፣ 1,870 ሜጋዋቱ ጊቤ ሶስት፣ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ፣ ሁሉም ተደምረው የሚገቡት እዛች ቀጭን ቁራጭ ውስጥ ነው። ቁራጯ ንጹህ ናት፣ ያኮራል፣ ግን የኢነርጂ ዳታሽ ኮለም ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር በአብዛኛው የእናቶቻችን ምድጃ ነው።

አሁን ወደ ልቀቱ ኮለም እንሂድ፣ ምክንያቱም ምልክቱ የሚገለባበጥብሽ እዚህ ነው። የተጠቀምሽው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሪስ (የየዓመቱ ቁጥር ዝርዝር) የሚቆጥረው ከነዳጅ ዘይት፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከጋዝ እና ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣውን ብቻ ነው። እንጨት ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን እዛ ውስጥ የለም። የለም ስልሽ ደግሞ ተረስቶ አይደለም፣ በአለም አቀፉ የቆጠራ ደንብ መሰረት የእንጨት ካርቦን የሚመዘገበው ደን እና መሬት አጠቃቀም በሚባለው ዘርፍ ስር ነው፣ ዛፉ መልሶ ከበቀለ ካርቦኑን መልሶ ይወስዳል፣ ካልበቀለ የደን መመናመን ተብሎ እዛ ይቆጠራል በሚል ሀሳብ። ስለዚህ አንቺ ያደረግሽው ምንድነው፣ በቀኝ በኩል 90 ፐርሰንቱ እንጨት የሆነ ቁጥር አስቀምጠሽ፣ በግራ በኩል እንጨት የሚባል ነገር ፈጽሞ የሌለበት ቁጥር አስቀመጥሽ፣ ከዛ በመሀከላቸው ያለውን ግንኙነት ንገረኝ አልሽው ሶፍትዌሩን። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ። ሁለቱም በጊዜ ሂደት ስለሚያድጉ የሆነ ግንኙነት ይሰጥሻል፣ ላጉን ስትነኪው ደግሞ ይለዋወጣል። ዳታው ተሳስቶ አይደለም፣ ሁለቱ ኮለሞች ስለተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ነው።

እንጨቱን አውጥቼ የነዳጁን ኢነርጂ ብቻ ላስገባ ብትይስ? ሌላ ወጥመድ አለ። የካርቦን ልቀትን ማንም ሰው በመሳሪያ እየለካ አይመዘግብም፣ የሚሰላው ከነዳጅ ፍጆታ ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ 1 ሊትር ቤንዚን ወደ 2.3 ኪሎ፣ አገሪቱ ያስገባችው ሊትር በዚህ ይባዛል፣ አለቀ። እንግዲህ ልቀትን በነዳጅ ፍጆታ ላይ ሬግሬስ ስታደርጊ አር ስኩዌርሽ (ሞዴሉ ዳታውን ምን ያህል እንደገለጸ የሚያሳየው ቁጥር፣ ሙሉው 1 ነው) 0.99 ቢሆን አይግረምሽ፣ ማባዣዋን ነው መልሰሽ ያገኘሽው። ብዙ ጽሁፍ ላይ ይሄ እንደ ትልቅ ግኝት ተጽፎ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ልጆቹ ደክመውበታል እኮ።

በዛ ላይ ሲሪሱ ውስጥ ስብራቶች አሉ። ኤርትራ በ1993 ስትለይ የዳታው ወሰን ራሱ ተቀይሯል፣ የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሲዘጋ ድፍድፍ እያጣሩ መጠቀም ቀርቶ ያለቀለት ነዳጅ ብቻ ወደ ማስገባት ተገባ፣ ከ2003 እና 2004 በኋላ ደግሞ የዕድገቱ ፍጥነት ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። 40 ኦብዘርቬሽን ይዘሽ እነዚህን ሁሉ ዝም ብለሽ በአንድ ኮኤፊሸንት ማለፍ አይቻልም፣ ቢያንስ የስትራክቸራል ብሬክ ቴስት (ግንኙነቱ የተሰበረበትን ዓመት የሚፈልገውን) አድርጊ፣ የዩኒት ሩት ቴስቱንም (ሲሪሱ ከተናጋ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ አለመመለሱን የሚያየውን) ስብራት የሚቀበለውን አይነት ተጠቀሚ።

እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽኝ እኔ ከሬግሬሽኑ በፊት አንድ ገጽ የሂሳብ ስራ እንድትሰሪ ነው የምመክርሽ። ዮይቺ ካያ የሚባል ጃፓናዊ የኢነርጂ ኢኮኖሚስት ያስተዋወቃት ቀላል ማባዣ አለች። ልቀት ማለት የሕዝብ ብዛት፣ ሲባዛ በነፍስ ወከፍ ጂዲፒ፣ ሲባዛ ለአንድ ብር ጂዲፒ የወጣው ኢነርጂ፣ ሲባዛ ከዛ ኢነርጂ እያንዳንዱ መጠን የሚወጣው ካርቦን። አራት ቁጥሮች ናቸው፣ ክርክር የላቸውም ምክንያቱም ሲባዙ የግድ ልቀቱን ይሰጡሻል። ጥቅሟ ምንድነው፣ ልቀቱ የጨመረው በየትኛው በር ገብቶ እንደሆነ ታሳይሻለች።

ከ2010 እስከ 2019 ያለውን በግርድፉ እንስራው። ሕዝቡ ወደ 1.3 እጥፍ ሆነ። በነፍስ ወከፍ ጂዲፒ በመንግስት ቁጥር ወደ 1.75 እጥፍ። ጠቅላላ ኢነርጂው፣ እንጨቱን ጨምሮ ማለቴ ነው፣ ከሕዝቡ ቁጥር ብዙም ሳይርቅ ነው ያደገው፣ እሱም 1.3 ገደማ በይው። ስለዚህ ሶስተኛዋ ቁጥር፣ ለአንድ ብር ጂዲፒ የሚወጣው ኢነርጂ፣ ከ40 ፐርሰንት በላይ ወረደች። ይሄን አይተሽ ኢነርጂ ቆጣቢ ሆንን ብለሽ እንዳትጽፊ፣ የሆነው ነገር ሌላ ነው፣ ከተማው ውስጥ ግንባታውና አገልግሎቱ ሲያድግ ገጠር ያለው ምድጃ ባለበት ቀጠለ፣ በቃ። ልቀቱ ደግሞ በ2010 ከ7 ሚሊዮን ቶን በታች የነበረው በአስርት ዓመቱ መጨረሻ ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ ገባ። ይሄን በሌሎቹ ስታካፍዪው አራተኛዋ ቁጥር፣ ከአንድ መጠን ኢነርጂ የሚወጣው ካርቦን፣ ወደ ሁለት እጥፍ ትጠጋለች።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ግልገል ጊቤ ሁለት በ2010፣ በለስ በ2010፣ አሸጎዳ በ2013፣ አዳማ ሁለት በ2015፣ ጊቤ ሶስት በ2016፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩም በ2016፣ ንጹህ ኃይል እንደ ጉድ የተገነባበት አስርት ዓመት ነው ይሄ፣ እና በዚሁ አስርት ዓመት ነው ኢነርጂያችን በአንድ መጠን የሚያወጣው የተቆጠረ ካርቦን ወደ እጥፍ የተጠጋው። ለአድቫይዘርሽ ማሳየት ያለብሽ ይሄን ነው። ካርቦኑ የመጣው ከኃይል ማመንጫ ሳይሆን ከመንገድ እና ከሲሚንቶ ነው።

መንገዱን እንይ። ወደ አገር ከሚገባው ዕቃ ከ90 ፐርሰንት በላይ የሚገባው በጅቡቲ ነው፣ አብዛኛው በመኪና። አንድ ከነተሳቢው የጫነ ከባድ መኪና በ100 ኪሎሜትር 45 ሊትር ናፍጣ ይበላል እንበል፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ 400 ሊትር በይው፣ በ2.7 ስታባዢው አንድ ጉዞ አንድ ቶን ካርቦን አለፈ። የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዓመት ልቀት፣ በዛው ባንቺ ዳታ ላይ ያለው፣ 0.15 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና አንዴ ሲመጣ የሰባት ሰው የዓመት ድርሻ አወጣ ማለት ነው፣ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ሌላ አለ። ነዳጁን ራሱ የሚያመጡት ቦቴዎች ናፍጣ እያቃጠሉ ነው ናፍጣ የሚያመጡት። ኢኮኖሚው ሲያድግ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ስንዴ፣ ማሽን፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይመጣል፣ ቡናውና ሰሊጡም በዚሁ መንገድ ይወጣል። ዕድገትና ልቀት የተሳሰሩበት ዋናው ገመድ ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው።

በ2024 መጀመሪያ መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። ጥሩ እርምጃ ነው፣ ኤሌክትሪኩ የውሃ በሆነበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና በእርግጥም ካርቦን ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚመጣበት አገር ግን ጥቅሙ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም ናፍጣውን የሚጠጣው የቤት መኪናው አይደለም፣ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱና የግንባታ ማሽኑ ናቸው። ለዛ ነው ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር አቅሙን ሙሉ ቢጭን ከሺህ የቤት መኪኖች የበለጠ የሚያመጣው። ባቡሩ የዕድገትን ጭነት ተሸክሞ ካርቦኑን ትቶ የመምጣት ዕድል ያለው ብቸኛው ትልቅ ንብረታችን ነው።

ሲሚንቶው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሙገር፣ ደርባ፣ መሰቦ፣ ድሬዳዋ፣ አሁን ለሚ፣ እነዚህ ፋብሪካዎች እቶናቸውን የሚያነዱት በአብዛኛው በድንጋይ ከሰል ነው፣ ከውጭም የሚገባ ከአገር ውስጥም የሚወጣ። ግን ከሰሉን በሙሉ በኤሌክትሪክ ብትተኪው እንኳን ካርቦኑ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲጋገር ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅና ኖራው ይቀራል፣ ኬሚስትሪው ነው፣ 1 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተጋገረ ድንጋይ) ለማግኘት ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ገደማ ይወጣል። እዚህ ላይ ያለው መፍትሄ ክሊንከሩን መቀነስ ነው፣ እሱን ደግሞ ግንበኞቻችን ሳያስቡት ያውቁታል፣ ፒፒሲ የሚሉት ሲሚንቶ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፐሚስ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የተቀላቀለበት ነው፣ ኦፒሲው ግን አብዛኛው ክሊንከር ነው። ለልስንና ለግንብ ስራ ፒፒሲ እየበቃ ኦፒሲ መጠቀም ብርም ካርቦንም ማባከን ነው። ልብ በይ፣ ሕዳሴ ግድብ ራሱ ወደ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፣ ንጹህ ኃይል ለማግኘትም መጀመሪያ ሲሚንቶ ይጋገራል፣ ናፍጣ ይቃጠላል። ከዛ በኋላ ለብዙ አስርት ዓመታት ይከፍልሻል፣ ግን በሲሪስሽ ላይ የግንባታው ዓመታት ወደ ላይ የተነሱ ሆነው ነው የሚታዩት።

አሁን ወደ ማይቆጠረው ልምጣ፣ ወደ ማጀቱ፣ ምክንያቱም በኔ እምነት የጽሁፍሽ ትልቁ ነገር እዚህ ነው ያለው።

መጽሀፍ ላይ የኢነርጂ መሰላል የሚባል አለ፣ ሰው ገቢው ሲያድግ ከእንጨት ወደ ነጭ ጋዝ ከዛ ወደ ኤሌክትሪክ ይወጣል የሚል። እኛ ጋ መሰላሉ መሀል ላይ ከሰል የሚባል እርከን አለ፣ እሱ ደግሞ ከታችኛው የባሰ ነው። ገጠር ያለች እናት የምታቃጥለው በአብዛኛው የለቀመችውን ጭራሮ፣ ቅርንጫፍና ኩበት ነው። ቤተሰቡ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ወይ ገቢው ትንሽ ሲሻሻል፣ ጭሱም ስለሚያስቸግር፣ የኪራይ ቤት ውስጥም እንጨት ማንደድ ስለማይቻል፣ ወደ ከሰል ይዞራል። ከሰል ደግሞ እንዴት እንደሚሰራ ታውቂ ይሆናል፣ ግንዱ ይቆለላል፣ በሳርና በአፈር ይሸፈናል፣ ለቀናት እየጨሰ ይቆያል። በዚህ በባህላዊው መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ6 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል፣ የእንጨቱ ጉልበት ከግማሽ በላይ እዛው ክምሩ ላይ ይቀራል፣ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አይደለም ሚቴንም አለበት። ቤት ውስጥ ጭስ የለውም፣ ጭሱ ጫካው ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ዕድገት እና የከተማ መስፋፋት ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ድስት ወጥ የሚቃጠለውን እንጨት ያበዙታል። ይሄ ሁሉ አንቺ በያዝሽው የልቀት ኮለም ላይ ዜሮ ነው።

ግን ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም፣ ይሄንንም ጻፊው። ከስምጥ ሸለቆ ግራር ተቆርጦ የሚመጣው ከሰል መሬቱን ራቁቱን ትቶ ነው የሚመጣው። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብትሄጂ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ዛፍ በማሳው ላይ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ከስሩ ይዘራል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ይልካል፣ መልሶ ይተክላል። እዛ አካባቢ የዛፍ ሽፋኑ እንደውም ጨምሯል፣ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ገበሬውን ቢጎዳውም። ሁለቱ ጆንያዎች መርካቶ ላይ አንድ አይነት ናቸው፣ በካርቦን ግን ሰማይና ምድር።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ምጣዱስ? ሕዳሴ በመስከረም 2025 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ አሁን ማጀቱ ይጸዳል የሚለውን ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ቁጥሩን አብረን እንስራው። ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል የሚባለው ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ ነው። ለ130 ሚሊዮን ሰው አካፍዪው፣ ለአንድ ሰው በዓመት 120 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። አምስት ሰው ላለበት ቤት 600። አንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በሳምንት ሁለቴ አንድ ሰዓት ተኩል ተኩል ቢጋገርበት በዓመት 550 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በቃ፣ የቤቱ የሕዳሴ ድርሻ እንጀራ ላይ አለቀ፣ ወጥ አልተሰራም፣ ቡና አልተፈላም፣ ፋብሪካ አልተንቀሳቀሰም፣ ለጎረቤት አገርም አልተሸጠም። ይሄን የምልሽ ግድቡን ለማሳነስ አይደለም፣ ትልቅ ስራ ነው። የምልሽ የማጀቱ ጉልበት ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ እንድታዪው ነው። በዛ ላይ ኃይሉ ቢኖርም እንኳን የሰፈሩ ትራንስፎርመር የሁሉንም ምጣድ በአንድ ምሽት አይችለውም፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ኃይሉ ወርዶበት ምጣዱ አይሰማም፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ጭራሽ መስመር አልደረሰውም። ለዛ ነው ምርጥ ምጣድ የሚባለው ተራ የሲሚንቶና የፐሚስ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ የሚቀንሰው፣ ለከሰል ደግሞ ላቀች የሚባለው ምድጃ፣ ዛሬም ከብዙ ትላልቅ ፕሮጀክቶች የማያንስ ካርቦን የሚያድኑት።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ብቻ። ዝናብ ሲቀር ውሃው ይወርዳል፣ በ2003ም በ2009ም በ2019ም በፈረቃ ያሳለፍነው ለዛ ነው። ያኔ ሱቁም ክሊኒኩም ወፍጮ ቤቱም ጀነሬተር ያስነሳል። ስለዚህ የዝናብን መጠን እንደ አንድ ቫሪያብል ብታስገቢው የአንዳንድ ዓመቶችን ዝላይ ያስረዳልሻል ብዬ አስባለሁ።

የጂዲፒን ስኩዌር አስገብተሽ የኩዝኔትስ ከርቭ ልሞክር ወይ ላልሽው፣ አትሞክሪ አልልሽም ግን ተጠንቀቂ። ሀሳቡ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ከግሮስማንና ከክሩገር ስራ የመጣ ነው፣ ብክለት መጀመሪያ ከገቢ ጋር ይወጣል ከዛ ይወርዳል የሚል፣ ለከተማ ጭስና ለቆሻሻ ውሃ ያስኬዳል። ካርቦን ግን ጎረቤት አያስነጥስም፣ ስለዚህ ሰው ገቢው ስላደገ ብቻ በራሱ አይቀንሰውም፣ ፖሊሲ ይፈልጋል። እንግሊዝ ልቀቷን ከ1990 ወዲህ በግማሽ ገደማ ቀንሳ ኢኮኖሚዋ አድጓል፣ እውነት ነው፣ ግን ድንጋይ ከሰልን በሕግና በዋጋ ገፍታ ነው፣ የመጨረሻው የከሰል ማመንጫዋ የተዘጋው መስከረም 2024 መጨረሻ ላይ ነው፣ የፋብሪካዋም ብዙው ወደ ቻይና ሄዷል። ቻይና ደግሞ ከ2000 በኋላ በአስራ ጥቂት ዓመት ልቀቷን ከእጥፍ በላይ አድርጋለች፣ በዛው በድንጋይ ከሰል። ያንቺ ሞዴል የመታጠፊያ ነጥብ ቢሰጥሽ ነጥቡ በነፍስ ወከፍ ስንት ዶላር ላይ እንደሆነ እዪው፣ ኢትዮጵያ ደርሳበት የማታውቀው ገቢ ላይ ከሆነ ዳታሽ ስለሱ ምንም አያውቅም፣ ከርቩን በሌለበት እየቀጠልሽው ነው።

አሁን ስለ ሪኮመንዴሽን ምዕራፍሽ፣ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። በፈታኝነት የተቀመጥኩባቸው ዲፌንሶች ላይ ደጋግሜ የማነበው ዓረፍተ ነገር አለ፣ «ስለዚህ መንግስት ልቀትን ለመቀነስ የኢነርጂ ፍጆታን መቀነስ አለበት» የሚል። እባክሽ እንዳትጽፊው። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት የኤሌክትሪክ ፍጆታ በ2019 አካባቢ ከመቶ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም የማይርቅ ነበር፣ የአንድ አሜሪካዊ ከ12 ሺህ በላይ ነው። ካርቦኑን ካየሽ 0.15 ቶን ከ14 ቶን ጋር ነው። ማንን ነው ቀንሺ የምትዪው፣ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደውን? ትምህርት ቤት ሄዳ በኩራዝ የምታጠናውን? የኛ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ተጨማሪ ኢነርጂ ነው፣ ግን የተቀየረ ኢነርጂ። ዳታሽም በትክክል ከተነበበ የሚለው ይሄንን ነው፣ ካርቦኑ የጨመረው ኢነርጂ ስለበዛ ሳይሆን አዲሱ ኢነርጂ ናፍጣና ድንጋይ ከሰል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ምክርሽ ስም ያለው ይሁን፣ ጭነቱ ወደ ባቡር፣ ክሊንከሩ ወደ ፐሚስ፣ ከሰሉ ወደ ተተከለ ዛፍና ወደ ተሻለ ምድጃ፣ ትራንስፎርመሩና የሰፈሩ መስመር ምጣድ እንዲችል።

በተግባር ጽሁፉን እንዴት ታስተካክዪዋለሽ፣ ልቀቱን ለሁለት ክፈዪው፣ የነዳጅና ድንጋይ ከሰሉን አንድ፣ የሲሚንቶ ኬሚስትሪውን ሌላ። የኢነርጂ ኮለሙንም እንዲሁ፣ ባዮማስ ለብቻ፣ ነዳጅ ለብቻ፣ ኤሌክትሪክ ለብቻ። ከዛ ናፍጣን በዲፔንደንት ቫሪያብልነት፣ ማለትም ሌሎቹ በሚያስረዱት ቁጥር ቦታ፣ አስቀምጠሽ በጂዲፒ፣ በገቢ ንግድ መጠንና በግንባታ ዘርፍ ላይ ብታዪው ከማንኛውም የድምር ሬግሬሽን የተሻለ ነገር ይነግርሻል።

እና ሊሚቴሽን ላይ ከብቶቹን ሳትጠቅሺ እንዳታልፊ። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010 ጠቅላላ ልቀታችንን 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው ያለው፣ ካንቺ 7 ሚሊዮን ጋር አወዳድሪው። ከዛ ውስጥ ወደ 65 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው የቀንድ ከብቱና የሌላው እንስሳ ነው፣ 55 ሚሊዮን ቶኑ የደን፣ ኤሌክትሪኩ፣ ትራንስፖርቱ፣ ኢንዱስትሪው እያንዳንዳቸው 3 ፐርሰንት ገደማ። በ2021 ለተባበሩት መንግስታት የቀረበው እቅድም እስከ 2030 በተለመደው መንገድ ከተሄደ ከሚደረስበት 68.8 ፐርሰንት እንቀንሳለን ሲል ትልቁን ድርሻ የጣለው መሬትና ደን ላይ ነው፣ ከ68.8ቱ ውስጥ ደግሞ በራሳችን አቅም የምንሰራው 14ቱን ነው፣ ቀሪው በውጭ ድጋፍ። ስለዚህ ርዕስሽ ላይ «የካርቦን ልቀት» ብለሽ በደፈናው ከምትተዪው «ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣ ካርቦን» በዪው፣ ኮሚቴው የከብቱን ቢያነሳብሽ መልሱ ርዕሱ ላይ አለልሽ። አራቱን የካያ ቁጥሮች በየአምስት ዓመቱ ሰርተሽ ሰንጠረዥ ካደረግሻቸው ላኪልኝ፣ በተለይ ከ2019 ወዲህ አራተኛዋ ወዴት እንደሄደች ማየት እፈልጋለሁ።